በትከሻዬ የመጣው ድንጋይ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሚሊኒየሙ ከገባ በኋላ፣ የከተማው ባቡር ገና ሳይሠራ፣ በመስቀል ሰሞን ነው። ዓመታት አልፈውታል። ግን እስከ ዛሬ የውጭ በር ሲንኳኳ «ማነው?» ከማለቴ በፊት «ዳዊት የት ነው?» እላለሁ። ዳዊት ልጄ ነው። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እንኳ እንዲህ ብዬ አውቃለሁ። ቤተሰቡ ይስቅብኛል። ይሳቁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልተማርኩምና አጻጻፌን አንባቢ ይታገሠኝ።

አገሬ ከወልቂጤ አለፍ ብሎ ነው። ባሌም የዚያው ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። የምንኖረው ካዛንቺስ በቀበሌ ቤት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ከአገር ቤት የሚመጣ ቆጮ እየተቀበልኩ፣ እያበጠርኩ፣ እየከተፍኩ ለክትፎ ቤቶች በማስረከብ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ሁለት ሴቶች አሉኝ። ወንድ ያለኝ ዳዊት ብቻ ነው።

ጀፎረ የሚባለውን የማያውቅ ሰው ነገሬ አይገባውም። በእኛ አገር ቤት የሚሠራው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ነው። በመካከል ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ አለ። መንገድም ነው፣ ግጦሽም ነው። ለቅሶ የሚቀመጡት እዚያ ነው፣ ሠርግ የሚጨፈረው እዚያ ነው፣ ሽማግሌ የሚሰበሰበውም እዚያው ነው። ያ ነው ጀፎረ። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። አይታረስም፣ አይታጠርም፣ ዛፍ አይተከልበትም። ልጆች ሆነን ለጨዋታ ትንሽ ጉድጓድ ከቆፈርንበት ያየን ትልቅ ሰው ሁሉ፣ ዘመድ ሆነ ባዳ፣ ይገርፈን ነበር።

የባሌ ታናሽ ወንድም ተክሌ ይባላል። ከአባቱ የደረሰችው የእንሰት ቦታ ጠባብ ነበረች። በዚያ ላይ አገሩ ሁሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ የሚልበት ጊዜ ነው። ተክሌ ከደጁ ፊት ያለችውን የጀፎረውን ጠርዝ በእሾህ አጠረና ባሕር ዛፍ ተከለባት። ከፊት ለፊቱ ሳህሌ የሚባል ሰው ነበር የሚኖረው። የሳህሌ ላሞች የሚውሉት እዚያችው ላይ ነው። ከእሷ ሌላ ግጦሽ የለውም።

ሽማግሌዎች ተክሌን ጠርተው «አንሣ» አሉት። እሱ ደግሞ «ከላይኛው ሰፈር ያሉት ሲያጥሩ የት ነበራችሁ? የኔ አጥር ነው የታያችሁ?» አላቸው። እውነቱን ነው፣ የላይኞቹ ቀድመውታል። ሽማግሌዎቹም አፈሩና ነገሩ እንዲሁ በእንጥልጥል ቀረ።

ክረምት ላይ ሳህሌ አጥሩን ጥሶ ገባና ችግኙን ይነቅል ጀመር። ተክሌ ዶማ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ነው የሚያወራው። ብቻ ሳህሌ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዱት መንገድ ላይ ሞተ። ተክሌ ሮጦ አላመለጠም፤ ዶማውን እንደያዘ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። ተፈርዶበት ወኅኒ ወረደ።

የመንግሥት ፍርድ ግን ሌላ ነው፣ ደም ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ የገዳይ ወገንና የሟች ወገን ከአንድ ገበታ አይበሉም፣ በአንድ መንገድ አይገናኙም። ቂም ከተያዘ ደግሞ የሚፈለገው ያ ያጠፋው ሰውዬ አይደለም። እሱ ታስሯል። ከዘሩ መካከል ተስፋ የሚጣልበት ወንድ ነው የሚፈለገው። ተክሌ የወለደው ሴት ብቻ ነው። ወንድሙ ባሌ ሞቷል። ታዲያ ማን ቀረ? ዳዊት።

ቆጮ የሚያመጣልኝ ሹፌር ነው የቂሙን ወሬ ያደረሰኝ። የመኪናውን ሸራ እየፈታ፣ ፊቴን ሳያይ «ልጅሽን ሰብስቢ» አለኝ።  ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። የዚያን ቀን የተቀበልኩት ቆጮ እንደተጠቀለለ ሲበላሽ ዝም ብዬ አየሁት።

ያስፈራኝ ደግሞ ሩቅ ያለ ነገር አይደለም። የሳህሌ ወንድም ወልዴ እዚሁ አዲስ አበባ ነው ያለው። ቄራ አጠገብ ሥጋ ቤት አለው። ዳዊት ደግሞ በዚያው በቄራ ሰፈር ብየዳ ቤት ነበር የሚሠራው። ወልዴን በሕይወቴ ያየሁት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፣ ያውም በአገር ልጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚታየኝ እሱ ነው፣ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ቢላ ሲስል።

ዳዊትን ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ተወልዶ ያደገው ካዛንቺስ ነው። የአባቱን አገር የሚያውቀው በመስቀል ብቻ ነው።

«ብየዳውን ልቀቅ» አልኩት።

«ምን አድርጌ?»

«አጎትህ ባደረገው።»

«እማ፣ ቆይ እስቲ። ተክሌ ባሕር ዛፍ ተከለ፣ እኔ ቄራ ሥራ ልፈታ? በቃ? ማለቴ፣ ይሄ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?»

«አንተ አታውቀውም፣ ልጄ።»

«ዛፉን አላየሁት፣ አላጠጣሁት። ጥላ ሥር እንኳ ቁጭ አላልኩም!»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከእግሩ ላይ ወደቅኩበት። እናቱ እግሩ ላይ ስትወድቅ ደነገጠና ሥራውን ለቀቀ። ግን ለብዙ ቀን አላናገረኝም።

ከዚያ ቤት ቀየርኩ። ካዛንቺስ ያለውን የቀበሌ ቤት ለአንዲት ዘመዴ ጥዬላት፣ ቂርቆስ ወደታች ጠባብ ቅያስ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየን። ለዕድሩ አልነገርኩም። ከአገር ልጆች ማኅበር ቀረሁ። የአገሬ ሰው በሩቅ ሳይ መንገድ አቋርጣለሁ። ቆጮውንም በሰው በኩል ነበር የምቀበለው።

መሸሼ ከወግ የወጣ አይደለም። የገዳይ ወገን መጀመሪያ ከዓይን ይሰወራል፣ የሟች ወገን እንዳይቆስል። ከዚያ ግን ሽማግሌ ይላካል። ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። የገዳይ ወንድሞች ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ከሟች ደጅ ቆሙ። የሟች አባት ፊቱን አዙሮ «ሂዱ» አላቸው። በሌላ ቀን ተመልሰው መጡ። እንዲህ ሲመላለሱ፣ ሲባረሩ፣ አንድ ቀን ሽማግሌዎቹ መካከል ገብተው ድንጋዩን አስወረዷቸው። ድንጋይ የተሸከመ ሰው አይመታም፤ ነውር ነው። የሟች ወገን ግን ምንም ልቡ ቢፈልግ ቀድሞ ዕርቅ አይጠይቅም። ከጠየቀ ወንድሙን እንደሸጠ ይቆጠራል።

እኔ የወጉን ግማሽ ሠራሁ፤ ሸሸሁ። ቀሪውን አገር ቤት ያሉት የባሌ አጎቶች ይሠሩታል ብዬ ተቀመጥኩ። እነሱ ደግሞ «የቤቱ ወንድ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ሽማግሌ የሚልኩት እነሱ ናቸው» ብለው ተቀምጠዋል። እኔ ይህን አላወቅኩም። እንዲህ ሆኖ መስቀል መጣ፣ መስቀል ሄደ። ሌላውም መስቀል እንዲሁ። ወደ ወልዴ የሄደ ሰው የለም።

በአዲሱ ሰፈር ግቢውን የምንጋራው እትዬ ለተብርሃን ከሚባሉ የአድዋ ሴት ጋር ነበር። ደግ ናቸው፣ ግን የሚያልፋቸው ነገር የለም። አንድ ቀን ልብስ እያሰጡ «የዳዊት እናት፣ እንግዳሽን አገኘሽው?» አሉኝ።

«የምን እንግዳ?»

«ረዘም ያለ፣ ኮፍያ ያደረገ። ዳዊት የሚባል ልጅ እዚህ ነው ወይ የሚኖረው አለኝ። እኔ ደግሞ ፊቱ ስላላማረኝ 'እዚህ የሚኖረው የኔ ውሻ ነው' አልኩት።»

ልብሱ ከእጄ ወደቀ።

«ምነው? ዱቤ ነው?» አሉኝ።

«እሱ ቢሆንማ» አልኩ።

ዳዊት በዚያን ጊዜ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ የመስኮት ብረት ይሠራ ነበር። ማታ ሲመጣ ጠየቅኩት።

«አዎ፣ አንድ ሰውዬ አለ» አለኝ፣ እየበላ። «ታክሲ መያዣው ጋ ይቆማል። ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። በቃ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ደግሞ ሌላ ሰፈር ልንቀይር ነዋ! ስንት ሰፈር ነው ያለው እማ? አዲስ አበባ እኮ ያልቃል።»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ጠዋት እስከ ታክሲ እከተለዋለሁ። «እንደ ሕፃን አታስቂብኝ» ብሎ ይቆጣኛል። እኔ ከኋላው ራቅ ብዬ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ እሄዳለሁ። ታክሲው ሲነሣ እመለሳለሁ። ቆጮ እየከተፍኩ ጆሮዬ ውጭ ነው።

እንዲህ እያለ ያ መስቀል ደረሰ። የአገሬን ልጆች የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ በመስቀል ሁሉም ወደ አገር ቤት ይገባል። ሱቁ ይዘጋል፣ ክትፎ ቤቱ ይዘጋል። የእኛ ቅያስ ግማሹ ጭር አለ። እኔ ልጆቼን ይዤ ቀረሁ። ተዘግተን በዓል ዋልን። ሴቶቹ ልጆቼ በማግስቱ አክስታቸው ዘንድ ሄዱ፣ ዳዊት ሥራ ስለሌለው ተኝቶ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ቅያሱ ውስጥ ሰው የለም። ጎረቤታችን አጥሩን ሊሠራ ያስከመረው ድንጋይ አለ፣ ከእኛ በር ትንሽ ወረድ ብሎ። ከድንጋዩ ክምር አለፍ ብሎ፣ ከበራችን ፊት ለፊት አንድ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ረጅም ነው። ኮፍያ አድርጓል። ጃኬቱን በዚያ ፀሐይ እስከ አንገቱ ቆልፎታል።

ወልዴ ነው።

ልጄ በቆርቆሮው በር ውስጥ ተኝቷል። በሩን ስወጣ ገርበብ አድርጌው ነው የሄድኩት። ወደ ቤት ለመግባት በሰውዬው አጠገብ ማለፍ አለብኝ። ብጮህ ዳዊት በእንቅልፍ ልቡ ይወጣል፣ ሲወጣ ያገኘዋል። የአገር ልጆች ቢኖሩ እጠራ ነበር፤ ሁሉም አገር ቤት ናቸው። እትዬ ለተብርሃን ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል።

ዳቦውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ከክምሩ ላይ ድንጋይ አነሣሁ። ሐሰት አልናገርም፤ ጭንቅላቱን ልለው ነው ያነሣሁት። ትንሽ ድንጋይ አይበቃውም ብዬ ትልቁን መረጥኩ፣ ጥርብ ነበር። ስይዘው ግን ከበደኝ። በእጄ ይዤው መራመድ አቃተኝ። በጉልበቴ ደግፌ ወደ ትከሻዬ አወጣሁትና በሁለት እጄ ይዤው ሄድኩ።  ጥርሴን ነክሻለሁ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመነሣቱ በፊት ልድረስ።

ሳልደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

ዓይኑ ከፊቴ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ቀስ ብሎ ተነሣ። ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ጀርባውን ሰጠኝ።

ቆምኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ራሱ ተገልጦ፣ ልለው ካሰብኩበት ቦታ ቆሞ ድንጋዩ ከትከሻዬ አልነሣ አለኝ።  ያለቅስ ነበር። በዚያን ጊዜ ነው ልጅ ሆኜ ያየሁት የመጣልኝ። የሟች አባት ድንጋይ ለተሸከሙት ሰዎች ፊቱን ያዞረው ልክ እንዲህ ነበር።

«እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለኝ፣ ወደ ግድግዳው እንደዞረ።

የሚንሸራተተውን ድንጋይ አጥብቄ ያዝኩ። እሱ ቀጠለ። 

«ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? 'የወንድምህን ደም እንደ ዶሮ ደም ረግጠውት ሄዱ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ሽንጥ ትቆርጣለህ' ነው የሚለኝ። አንድ ሽማግሌ አልላካችሁም። አንድ! ካዛንቺስ ብሄድ ቤት ቀይራችኋል። ማኅበር ብመጣ የላችሁም። ልጅሽ ቆሜ እንዲያየኝ ታክሲ ተራ ቆምኩ። አይቶኝ ታክሲ ይሳፈራል። እኔ እንዴት ብዬ 'ኑና ለምኑኝ' ልበላችሁ?»

«ፈርተን ነው» አልኩ። 

«ፈርታችሁ!» አለና ዞረ። ዓይኑ ደም መስሏል። «እኛ ንቀውን ነው ነበር ያልነው። እናቴ 'ሳህሌ እንደ ውሻ ነው የቀረው' እያለች ነው የምታድረው።»

ድንጋዩ ክንዴን ገደለው። ልጥለው አልኩ፣ ሊወድቅ ሲል እሱ ያዘው። ከትከሻዬ ላይ በገዛ እጁ አወረደው። «አውርጂው፣ የዳዊት እናት። አውርጂው» እያለ። እኔም እግሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ጫማው የሥጋ ቤት ሽታ አለው። «ልጄን፣ ልጄን» ብቻ ነው የምለው።

በዚህ መካከል በሩ ሲጢጥ አለ። ዳዊት በቁምጣ፣ ፀጉሩ እንደቆመ ወጣ።

«እማ? ምንድነው ነገሩ? ሰውዬው፣ እናቴን ምን አርገሃት ነው?»

«ግባ!» ብዬ ጮህኩ። «ግባ ብዬሃለሁ!»

አልገባም። መጥቶ በእኔና በወልዴ መካከል ቆመ።  ወልዴ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ቁርጥ ተክሌን» አለ። ከዚያ እጁን ወደ ጃኬቱ ውስጥ ሰደደ።

እኔ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። እጁ ላይ ተጠመጠምኩ። በጥርሴ ያዝኩት መሰለኝ። ወልዴ አልታገለኝም። በሌላው እጁ በቀስታ አላቀቀኝና ያወጣውን ነገር ወደ እኔ ዘረጋው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነው። ጋዜጣው አንድ ቦታ ላይ ተቀዷል፣ በተቀደደው በኩል ስለቱ ያበራል።

«ያዢልኝ» አለኝ። «ዛሬ ይህን ይዤ ወደ ቤቴ አልመለስም።»

ተቀበልኩት። ከሰውነቱ ሙቀት የተነሣ እጀታው ሞቋል። ዳዊት ቢላውን ሲያይ ከንፈሩ ነጣ። ያ ሁሉ ጊዜ «አዲስ አበባ ነው እኮ» እያለ ሲስቅብኝ የነበረ ልጅ፣ ቁምጣውን በእጁ ጨብጦ ቆመ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ አባቱ አገር ሲወራ ቀልዶ አያውቅም።

ወልዴ ኮፍያውን አደረገ። «ሽማግሌ ላኩ» አለ። «መጀመሪያ እምቢ እላለሁ። ደግማችሁ ላኩ።» ብሎ ቅያሱን ወጥቶ ሄደ። ዳቦዬን ሳይረግጥ ዞር ብሎ ነው ያለፈው።

ላክን። እምቢ አለ። ደግመን ላክን። ሽማግሌዎቹ ለወራት ከአዲስ አበባ አገር ቤት ሲመላለሱ ከርመው ካሳው ተቆረጠ፣ ቀን ተያዘ።

ዕርቁ መደረግ ያለበት በጀፎረው ላይ ነው። ሄድን። መኪናው ከላይኛው ሰፈር ሲደርስ «የት ነው?» አልኩ። አገሩ ጠፋብኝ። በሁለቱም በኩል አጥር ወደ ውስጥ ገብቷል። ሣሩ ቀጥኗል። ተክሌ የታሰረባት፣ ሳህሌ የሞተባት ጠርዝ ላይ ባሕር ዛፉ አድጎ ከቤቱ ጣሪያ በልጧል፤ ያልተነቀለው ሥር ሰዷል፣ የቆረጠውም የነቀለውም የለም። ከሳህሌ ደጅ በኩል ደግሞ ሌላ ሰው አጥሯል። ሰዉ ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋና በዛፎቹ መካከል፣ አንዱ ከአንዱ ተከልሎ ተቀመጠ። ሽማግሌው ሲናገሩ ከኋላ ያሉት አይሰሙም ነበር።

የዕርቁ በሬ የታረደው በዚያ ቢላ ነው። ወልዴ «አምጪልኝ» ብሎኝ ከአዲስ አበባ ጠቅልዬ ይዤው ሄጄ ነበር። አረደበት። ከዚያ ከአንድ ገበታ መብላት መጣ። የሳህሌ እናት፣ ማየት የተሳናቸው አሮጊት ናቸው፣ ዳዊትን በእጃቸው ማጉረስ አለባቸው። ሥጋውን በቆጮ ጠቅልለው አነሡ።  አፉን በጣታቸው ዳሰው ፈለጉት። እኔ ያቺ ጉርሻ ዳዊት አፍ ከመግባቷ በፊት ቀምቼ ልበላት ቃጣኝ። ዳዊት ጎረሰ፣ ዋጠ። አሮጊቷ ፊቱን በመዳፋቸው ይዘው «የኔም እንዲህ ነበር ጉንጩ» አሉ። ያን ጊዜ ሴቱ ሁሉ አለቀሰ።

እንግዲህ በዚህ አልፏል ማለት ነው። ተክሌ ከወኅኒ ወጥቶ ሌላ አገር ገባ፣ ወደ ቀዬው አልተመለሰም። ዳዊት አግብቶ ልጅ ወልዷል።

የድንጋዩ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ አላስተኛ አለኝ። አንድ ቀን ቄራ፣ ወልዴ ሥጋ ቤት ሄድኩ። ሰው አልነበረም።

«ወልዴ፣ ያን ቀን ድንጋዩን የያዝኩት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ለጭንቅላቴ ነበር» አለኝ፣ አጥንት እየከሰከሰ። «አውቃለሁ። የሚለምን ሰው ጥርሱን ነክሶ አይመጣም።»

«ታዲያ ለምን ፊትህን አዞርክ?»

መክሰከሱን አቆመ።

«ትከሻሽ ላይ ነበራ! እኔስ ሌላ ምን ላድርግ? ከጠዋት ጀምሮ ቅያሱ ዳር ስዞር ውዬ፣ አንቺ ስትወጪ እዚያ ቁጭ አልኩ። ልጅሽ እንዲወጣ አልፈለግኩም፣ እንዳይወጣም አልፈለግኩም። አንድ ነገር ይምጣና ወደ ቤቴ ይመልሰኝ ነበር የምለው። አንቺ ድንጋይ ይዘሽ መጣሽ። ድንጋይ ነው፣ ተቀበልኩት።» ከዚያ ትንሽ ፈገግ ብሎ «ደግሞ እንዴት ያለ ድንጋይ ነው! ብትመቺኝ ኖሮ ለዕርቅም አልተርፍ» አለ።

ሳቅን። አንድ ኪሎ ጎድን ቆርጦ በግድ አስያዘኝ።

ከአገር ቤት አሁንም ስልክ ይመጣል። እገሌ አጠረ፣ እገሌ ነቀለበት ይሉኛል። እኔ መሬቱን አልጠይቅም። «ልጅ አለው? አዲስ አበባ ያለ ወንድ ልጅ አለው?» ነው የምለው። አለው ካሉኝ «ሽማግሌ ላኩ፣ ዛሬውኑ ላኩ፣ ማንንም አትጠብቁ» እላቸዋለሁ። የሚሰማኝ ግን እንጃ።

ወልዴ ዛሬ ለቤታችን ሰው ነው። የዳዊትን ልጅ ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። በበዓል ይመጣል፣ ዳዊትን ግቢው በር ላይ አቅፎ፣ ግራና ቀኝ ጉንጩን ይስመዋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያን ቀን ክፉ ሊሆን ሲችል አልሆነም። ይህን አውቃለሁ፣ ጠዋት ማታም እመርቀዋለሁ። ግን ልጄን ሲያቅፈው እኔ ፊቱን አላይም። እጁን ነው የማየው፤ ሁለቱም ከጀርባው ላይ መሆናቸውን።

የዳዊት እናት፣ ከቂርቆስ